የፍሊቱ በረሮዎች

ባሌ ሥራው በረሮ መግደል ነው። ትኋንም ቁንጫም ይገድላል፤ ደመወዙን የሚያመጣው ግን በረሮ ነው። መርጫውን በጀርባው አዝሎ ከሆቴል ሆቴል፣ ከመጋዘን መጋዘን ሲዞር ይውላል። ሰፈርተኛው ስሙን ረስቶ «ፍሊቱ» ይለዋል፤ እሱም አቤት ይላል። እንግዲህ ቤቱ ውስጥ በረሮ የሚያረባው ይኸው ሰውዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ወጥ ቤታቸውን እንዲረጭላቸው የጠሩት ቀን ነው። ጨርሶ ሊወጣ ሲል ሳሎን ያለውን የመስታወት ሣጥን እያሳዩ «እነዚህን እንዳትነካብኝ» አሉት። አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ክንፍ የሌላቸው፣ ሲነኳቸው አየሩ እንደሚወጣ ጎማ እስስ የሚሉ በረሮዎች ናቸው። ባሌ መርጫውን አውርዶ ቁጭ ብሎ ሲያያቸው አመሸ። ከእነሱም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ለምኖ በጣሳ ይዞ መጣ። እኔ ሞኟ ማር መስሎኝ ከፈትኩት።

«አብደሃል እንዴ?» አልኩት፣ ጩኸቴን ስጨርስ።

«እነዚህ እኮ ሌላ ዘር ናቸው። አይበሩም፣ ወጥ ቤት አይገቡም።»

«እና ምን ሊያደርጉልህ ነው?»

«ይወልዳሉ» አለኝ።

እኛ ቤት ይህ ቃል እንዲሁ የሚወረወር ቃል አይደለም። በወጣትነቴ ሦስቴ አርግዤ ሦስቴም ጨንግፎብኛል። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅ አንስተን አናውቅም። ልቡ ምን እንደፈለገ ገባኝና የጣሳውን ክዳን መልሼ ገጠምኩት።

ያረጀ የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ሣጥን ከየት እንዳመጣ እንጃ። እንዳይወጡ ብሎ አፉን ዙሪያውን ቫዝሊን ቀባው፤ የእኔን ቫዝሊን፣ የእኔ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ እያለ። ውስጡ የእንቁላል ካርቶን ደረደረላቸው። አየር የሚያስገባ ክዳን ያስፈልጋል ብሎ ከአሮጌ የሥራ ቱታው ጀርባ ቆርጦ አለበሰው። ከሥራ ሲመለስ ደጅ ላይ እስከ ክርኑ ሳይታጠብ አይጠጋቸውም። እኔን ግን ዕድሜ ልኩን በዚያው ቱታ ነው ሲያቅፈኝ የኖረው። ይህን ስነግረው ይስቃል።

ሴቲቱ ወለደች። ግልገሎቹ ሲወለዱ ነጭ ናቸው፤ እየዋሉ ነው የሚጠቁሩት። በማግስቱ ሁሉም ሞተው ተገኙ። ሁለተኛም ወለደች፣ ሞቱ። ሦስተኛም እንዲሁ። ትልልቆቹ ግን ምንም አልሆኑም። ባሌ እህል አልቀምስ አለ። ካሮቱን ልጦ፣ ውኃውን አፍልቶ አቀዝቅዞ፣ ሣጥኑን ከመስኮት አርቆ ሞከረ። «የኔ እመቤት፣ ምን አጠፋሁ?» እያለ በረሮዋን ሲለማመጣት እሰማዋለሁ። ጎረቤታችን «ፍሊቱ ሰው ሞተበት እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አንድ ቅዳሜ ልብስ እያጠብኩ ሳለ ጠራኝ። የሰሞኑን ሟቾች በሶፍት ላይ ዘርግቷቸዋል።

«ሁልጊዜ የሚሞቱት ላይኛው ካርቶን ላይ ነው» አለ። «ትንንሾቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ጨርቁ ላይ ይንጠለጠላሉ። ትልልቆቹ ታች ናቸው።» ጨርቁን አንስቶ አሸተተው። «መድኃኒቱ ነው። ቱታው ውስጥ ነው።»

«ታጥቧል እኮ! በእጄ ስንቴ አሽቼዋለሁ?»

«ቢታጠብም ሁሉም አይለቅም» አለ። ይህን ብሎ እጆቼን አየ። አረፋው ገና አልደረቀም ነበር። ሳፋው ውስጥ የተነከረው የዚያ ሳምንት ቱታው ነው።

ይህ ሰው የሰው ቤት ሲገባ፣ መርጫውን ከማውረዱ በፊት «ነፍሰ ጡር አለች? ሕፃን አለ? ይውጡልኝ» የሚል ሰው ነው። ሰምቼዋለሁ። እኔ ግን ሦስቱንም ጊዜ ሆዴን ይዤ፣ ያለ ጓንት፣ ያንን ቱታ ሳጥብ ነበር። ሁለታችንም አንድም ቀን ትዝ አላለንም።

እኔ ታጋሽ ነኝ ብዬ አልዋሽም፤ ግን እንደዚያ ቀን ተቆጥቼ አላውቅም። «ለበረሮ ልጅ ምክንያት ፈለግክ!» አልኩት። «ውኃ አፈላህ፣ ሬሳ ደርድረህ መረመርክ! የእኔዎቹ ሲሄዱ ምን አልክ? የእግዜር ፈቃድ ነው አልክ! ሐኪም ዘንድ እንኳ እንሂድ አላልክም!»

ሶፍቱ በእጁ እንዳለ መሬት ላይ ተቀመጠ። የእኔዎቹ በዚያ ምክንያት ይሂዱ በሌላ፣ ዛሬም የሚያውቅ የለም። ክፉው ነገርም ይኸው ነው።

አሁን ቱታውን ራሱ ያጥባል፣ ለብቻው፣ በጓንት። ለሣጥኑም አዲስ ጨርቅ ገዛ። በሚቀጥለው ወሊድ ግልገሎቹ አደሩ፤ በማግስቱም አደሩ፤ ጠቆሩ፣ ካሮት መብላት ጀመሩ። «ነይ እስቲ እያቸው» ብሎ ጠራኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እናታቸው ሆድ ሥር ገብተው ይተረማመሳሉ፤ አንዳቸውም አልሞቱም። ቀና ስል ባሌ ሣጥኑን ትቶ ፊቴን ያያል፣ ደስ ይላት ይሆን ብሎ። እኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።