ቀድማ ሰላም የማትለው ዘይና

ከሚሴ ውስጥ ዘይናን ኩሩ ናት የሚሏት ሰዎች አሉ። መንገድ ላይ ሲያገኟት ቀና ብላ አታይም፤ ቀድማም ሰላም አትልም። በእኛ አገር ደግሞ ሰላምታ ቀላል ነገር አይደለም። ከብቱን፣ ልጁን፣ ዝናቡን፣ የጉልበቱን ሕመም ሳይጠይቁ ያለፉት ሰው ቂም ይይዛል። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ኩሩ እንዳልሆነች ስለማውቅ ይህን መጻፍ ፈለግኩ።

ዘይና አርባን አልፋለች። ትምህርቷን ያቋረጠችው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። የእጅ ጽሑፏ ግን ያማረ ነው፤ ፊደሎቿ እንደ ተለቀመ ምስር ክብ ክብ ያሉ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ብፅዓት የምትባል የሥነ ልቦና አማካሪ ከደሴ መጥታ ሁለት ክፍል ተከራየችና ዘይናን ቀጠረቻት። ከክፉ ወራት በኋላ ነበርና እንቅልፍ የራቀው ሰው ብዙ ነበር። የዘይና ሥራ በር መክፈት፣ መጥረግ፣ የመጣውን መመዝገብና ካርዶቹን በንጹሕ መገልበጥ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ብፅዓት አንድ ወረቀት ሰጠቻት። የባለጉዳይን ስም፣ ችግሩንና መምጣቱን ጭምር ለማንም እንዳትናገር የሚል ነው። ዘይና ሦስት ጊዜ አንብባ ፈረመች። ከዚያ ቤቱን በራሷ ዘዴ አደራጀችው። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። ስሙ ለብቻው በሰማያዊ ደብተር አለ፤ ደብተሩ ደግሞ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከሻሿ ሥር ትሰውረዋለች። አንዱ ባለጉዳይ በፊት በር ሲገባ ሌላው በጓሮ ይወጣል። የጓሮው መንገድ ማሽላ ከሚሸጥበት ቦታ ያደርሳል። ስለዚህ ከበሩ ሥር ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፋ ታኖራለች፤ የፈለገ ሰው ይዞ ሲወጣ እህል ሊገዛ የመጣ ይመስላል። መጀመሪያ ይህን ሳይ ስቄባታለሁ።

ጀነት የምትባል ቆሎ ሻጭ አለች፤ መጠቅለያ ወረቀት ሁልጊዜ ያጥራታል። «ዘይና፣ እዚያ ቤት ወረቀት ተከምሯል ይባላል። ለኔ ስጪኝና ቆሎ እመርቅልሻለሁ» ትላታለች።

«ያንቺ ቆሎ ጨው ይበዛዋል» ትላለች ዘይና።

የተበላሸውን ወረቀት ራሷ ከሰል ምድጃ ላይ ታቃጥለዋለች። አንድ ቀን ምሳ ላደርስላት ሄጄ አመዱን በእንጨት ስታደቅቅ አገኘኋት። ምነው ስላት፣ «የተቃጠለ ወረቀት ላይም ፊደል ይታያል፣ እትዬ ማኔ» አለችኝ። ስሜ ማንአልሞሽ ነው፤ እሷ ግን ማኔ ነው የምትለኝ።

እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት የተሳሳተችው በሰላምታ ነው።

አምና ማሽላው ሲያሸት አብረን ሰንበቴ ገበያ ወረድን። እሷ የምትታለብ ፍየል ፈልጋ ነበር፣ እኔ ሽንኩርት። ፍየል ተራ ደርሳ የአንዲቱን ጡት እየዳሰሰች ሳለ ቀና ስትል፣ ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ከፊቷ ቆማለች። የዘይና ፊት በራ። አፏ ከልቧ ቀደመ።

«አካም ጂርታ፣ እንዴት ነሽ እህቴ! እንቅልፉስ ተመለሰልሽ?»

ወጣቷ ሴት የነጠላዋን ጫፍ ይዛ አፏን ሸፈነች። ከጎኗ የፍየሎቹን ገመድ የያዙ አሮጊት ቀስ ብለው ዞሩ። አማቷ ነበሩ።

«የምን እንቅልፍ?» አሉ።

ዘይና ወደ ፍየሏ ጡት ጎንበስ አለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አንቺን እኮ ነው! ምራቴን ከየት ታውቂያታለሽ?»

«ከሌላ ሰው ጋር አመሳስላኝ ነው፣ እማ» አለች ወጣቷ።

«አውፍ በሉኝ፣ ይቅርታ» አለች ዘይና። ፍየሏን ትታ ሄደች። ከኋላችን አሮጊቷ አንዱን ነጋዴ «ይህች ሴት የማን ናት?» ሲሉት፣ «ከሚሴ፣ እዚያ ምክር የሚሰጥበት ቤት የምትሠራው» ሲላቸው ሰማሁ። ዘይናም ሰምታለች።

ሚኒባሱ ውስጥ ቁልፉን ከሻሿ በላይ ጨብጣ እያለቀሰች ተቀመጠች።

«ሰላም ነው ያልሽው፤ ምን ያስለቅስሻል?» አልኳት።

«ዝም በይ፣ እትዬ ማኔ። ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አትጠይቂኝ።»

በማግስቱ የሆነውን የነገረችኝ የራሷ ጥፋት ስለሆነ ብቻ ነው። «ስለኔ መናገር እችላለሁ» ብላ ጀመረች። ማለዳ ለብፅዓት አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት። ብፅዓት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻላት ነበር። ለባለጉዳይዋ እኔው እነግራታለሁ ብላ እጇን ዘረጋች። ዘይና ክሩን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋ በር መክፈትና መጥረግ ብቻ ሆነ።

በአምስተኛው ቀን፣ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ ዘይና ቤት በራፍ ላይ ነጭ ሽንኩርት ስንልጥ ሼህ ሙሄ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። በጨፋ በኩል ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በመሬት ሲጋጩ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ዘይና በርጩማ አወጣች፤ ውኃ በኩባያ አቀረበች።

«የመጣሁበት ካልሞላ አልቀመጥም፤ ውኃሽንም አልጠጣም» አሉ።

ሽማግሌ እንዲህ ካለ እኛ ዘንድ እምቢ አይባልም። ሽማግሌን በጥሙ የመለሰ ቤት በረከት አያገኝም ይባላል። እኔ ልነሣ ስል ሼህ ሙሄ «ቁጭ በይ፣ ምስክር ትሆኛለሽ» አሉኝ።

«ዘይና፣ ገበያ ላይ ያየሻት ልጅ ባሏ ዓረብ አገር ነው» አሉ። «አማቷ በስልክ ልትነግረው ነው። ‹ምራቴ ከኔ የደበቀችው ነገር አለ፤ ባቲ ወደ እናቷ ትሂድ፣ ሕፃኑ እኔ ጋ ይቅር› ብላለች። እኔ የመጣሁት ላስታርቅ ነው። የማላውቀውን በሽታ እንዴት ላክም? እዚያ ቤት ምን እንዳለች ንገሪኝ።»

«እዚያ ቤት ማን መጣ፣ ማን አልመጣ አልናገርም፣ ሼህ ሙሄ።»

«ለኔም?»

«ለርስዎም።»

«ለእናትሽስ?»

«እናቴማ የሠፈሩ ራዲዮ ናት፤ ለሷ ጭራሽ!»

ሼሁ ፈገግ ሊሉ ሲሉ ተዉት። ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ።

«እሺ፣ ላቅልልሽ። ‹ወላሂ አላውቃትም› በይኝ። ይህችን አንድ ቃል። ‹ሴትዮዋ አመሳስላ ነው፣ ምላልኛለች› እላታለሁ። አሮጊቷ መሐላ ታከብራለች። ነገሩ እዚሁ ይሞታል፣ ልጅቱም ከልጇ ጋር ቤቷ ትቀራለች።»

እኔ በልቤ «በይው!» አልኩ። ልጅቱ ነጠላዋን እንደያዘች ታየችኝ። የዘይና እጅ ወደ አንገቷ ሄደ፤ ቁልፉ ግን እዚያ አልነበረም።

«በአላህ ስም ሐሰት አልምልም» አለች። «እውነት ቢሆንም ደግሞ አልምልም። ዛሬ ስለ አንዷ ‹አልመጣችም› ብዬ ብምል፣ ነገ ስለ ሌላዋ ስጠየቅ ዝም ብል፣ ዝምታዬ ‹መጥታለች› ማለት ይሆናል። ከርስዎ ቤት ሰው መጥቶ ቢሆንስ? ሌላ ሽማግሌ እዚህ ቆሞ ቢጠይቀኝ ምን እንድለው ይፈልጋሉ?»

ሼህ ሙሄ ከዘራቸውን አዩት፣ ከዚያ በርጩማውን። ተቀመጡ። ውኃውን አንሥተው «ቢስሚላህ» አሉና እስከ ታች ጠጡት። ምን እንዳሰቡ አላውቅም። ስለ ቤታቸው የማውቀው ነገር የለም፤ ዘይና የምታውቀው ካለም አልጠየቅኋትም።

«ያንቺ ጥፋት ግን አለበት» አሉ ኩባያውን ሲመልሱ።

«አለበት። አፌን ያልገታሁት እኔ ነኝ። ለአማቷም እንዲሁ ይንገሩልኝ፤ ቅያሜ ካለ ከኔ ጋር ይሁን።»

«ሌላስ ምን ልበላት?»

«‹ምራትዎን ራሷን ይጠይቋት፤ ስትመልስም ይስሟት› ይበሏቸው።»

«ይህንንማ ሳልመጣም ልላት እችል ነበር» ብለው በጥርሳቸው ሳቁና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ምንም አልሰማንም። ዘይና ምግብ ትቆራርሳለች እንጂ አትበላም። «ሕፃኑ» ትላለች አንዳንዴ፣ ሌላ ግን አትጨምርም። በሦስተኛው ሳምንት ቁልፉ አንገቷ ላይ መመለሱን አየሁ፤ አልጠየቅኋትም።

አዲስ ደንብ ያወጣችው ያኔ ነው። ከቤቷ ውጭ ማንንም ቀድማ ሰላም አትልም። «ለባለጉዳዮች ብቻ ዝም በያ፣ ለሌላው ምን አለበት?» አልኳት።

«ለሌላው ሰላም ብዬ አንዷን ዘልዬ ባልፍ፣ የዘለልኳት ትታወቃለች።»

ሰው ቀድሞ ሰላም ካላት ግን እጁን ይዛ እስከ ዝናቡ ድረስ ትጠይቀዋለች። ኩራት የሚሏት ይህችን ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ሰንበቴ ወረድን። ፍየል ተራ ላይ አሮጊቷ ገመዳቸውን ይዘው ቆመዋል። ከአጠገባቸው ያች ወጣት ሴት ባቄላ እየበላች ተቀምጣለች፤ ሕፃኑ አድጎ አንዲት ግልገል ያባርራል። ዘይና ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ልታልፍ ስትል፣

«አንቺ!» አሉ አሮጊቷ። «ስለ እንቅልፍ ስትጠይቂ የነበርሽው! ዛሬስ አፍሽን ምን ዘጋው?»

«አካም ጂርቱ፣ እናቴ» አለች ዘይና። ሌላ አልጨመረችም።

«ነጋ፣ ደህና ነን። እሷማ ትተኛለች፣ አልሐምዱሊላህ። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ወስላታ ታቅፌ የማድረው እኔ!» አሉና ወደ ሕፃኑ ጠቆሙ። ወጣቷ ሴት ሳቀች። አፏን በነጠላዋ አልሸፈነችም።

«አላህ ለሁላችንም የሰላም እንቅልፍ ይስጠን» አለች ዘይና። ከእነሱ አንዲት ነጭ ፍየል ገዛችና ሄድን።

መንገድ ላይ አላስቻለኝም። «ተመስገን፣ ልጅቱ ቤቷ ቀረች» አልኳት።

«የቷ ልጅ?» አለች። «ሽንኩርቱን ከፀሐይ አውጪው፣ እትዬ ማኔ፤ ይበላሽብሻል።»

የወጣቷን ሴት ስም ዛሬም አላውቅም። ይህን ጽፌ ስጨርስ ለዘይና አነበብኩላት። ሰማችና ሁለት ቦታ አሰረዘችኝ፤ አንዱ የአሮጊቷን መንደር የሚጠቁም ነበር። በንጹሕ ገልብጬ ስጨርስ የመጀመሪያውን ወረቀት ተቀብላኝ ወደ ምድጃዋ ሄደች።