የቡናማው ሻማ ቂም

ቡናማውን ቀለም ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ባሕር ዳር ውስጥ ሌላ የሚሉ ስላሉ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር እኔ ቤት ጓሮ ሻማ እንሠራ ነበር። ነጩን ማንም ይሠራዋል። እኔ የፈለግሁት ንጹሕ የማር ሰም የሚመስል፣ ሞቅ ያለ ቡናማ ነበር። በቀለጠው ሰም ላይ ቀይና ቢጫ ስጨምር ብርቱካን ሆነብኝ፤ ሰማያዊ ሲበዛበት ደግሞ ክረምት ላይ ጣና የሚገባውን ደለል መሰለ። ትኩስ ሰም ያታልላል፤ ሲቀዘቅዝ ቀለሙ ይለወጣል። ስለዚህ ነጭ ሳህን ላይ ጠብ እያደረግሁ እስኪረጋ እጠብቃለሁ። ስንት ሰም እንዳበላሸሁ አልናገርም። በመጨረሻ ሰማያዊው በክብሪት እንጨት ጫፍ የሚነሣ ብቻ መሆን እንዳለበት ገባኝ። እሱን የምጨምረው ጓደኛዬ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ነበር። ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልክድም። ደግሞም አልተሳሳትሁም።

ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ቡናማውን ወደደው፤ በየሳምንቱም ይወስድልን ጀመር። አንድ ቀን ጓደኛዬ ለብቻዋ ሄዳ ለባለቤቱ፣ «ቀለሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ክር የምትቆርጥልኝ ናት» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ሥራው ወደ እሷ ቤት ዞረ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደጇን ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር።

የሁለታችንም የንስሐ አባት ይህን ሰምተው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ጠሩን። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ልጆቼ» አሉን። መስቀል ተሳልመን፣ ተሳስመን ታረቅን። የእሷ እንባ እውነት ነበር። የእኔ ግን አልነበረም።

ከግቢው ሳንወጣ እጄን ያዘችኝ። «እኅቴ፣ ይቅር ካልሽኝ አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኔው ቡናማ ብርቱካን እየሆነ አስቸገረኝ። ምን ነበር የምትጨምሪበት?»

«ከሰል» አልኋት። «አድቅቀሽ፣ በሻሽ ነፍተሽ።»

ከሰል ብርቱካን የሆነውን ሰም በእርግጥ ያማረ ቡናማ ያደርገዋል። ግን አይሟሟም፤ ክሩን ይደፍነዋል፤ እሳቱም ታፍኖ ይጠፋል። እሷ ታርቀናልና አመነችኝ፤ አንዱን እንኳ ለኩሳ አልሞከረችም።

በዚያው ሳምንት ሎጁ ሠርገኞች ያስተናግድ ነበር። አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ቆሜ ተመለከትሁ። ሻማዎቹ ተለኮሱ፤ አማሩ፤ ከዚያ እየጨሱ አንድ በአንድ ጠፉ። አስተናጋጆቹ ክብሪት ይዘው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲሯሯጡ ደስታው እንደ ጠላ ራሴ ላይ ወጣ።

በሳምንቱ የራሴን ቡናማ ሻማ ይዤ ባለቤቱ ዘንድ ሄድሁ። ሽማግሌው ገና ቀለሙን እንዳዩ እጃቸውን አነሡ።

«ቡናማ ሻማ ከእንግዲህ እዚህ ቤት አይገባም፤ የማንም ይሁን። በእንግዶቼ ፊት አዋርዶኛል።»

«የኔ አይጠፋም፣ ጋሼ።»

«የእሷ ለምን ጠፋ ታዲያ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ብናገር ግን ከየት አወቅሽ ይሉኛል። ሻማዬን ወደ ዘንቢሌ መለስሁ።

በሩ ላይ እሷን አገኘኋት፤ ይቅርታ ልትጠይቃቸው መጥታ ነበር። ዓይኗ አብጧል። ጉንጬን ሳመችኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺማ ነግረሽኝ ነበር። ከሰሉን በደንብ አላደቀቅሁት መሰለኝ።»

ሁለታችንም ሥራውን አጥተናል፤ እውነቱን ብነግራት የሚቀርብኝ ነገር አልነበረም። ሆዴ ግን አልለዘበም።

«ይሆናል» አልኋት። «ደግመሽ ሞክሪ።»