የሶሊያና ቁመትና የፍልሰታው ደም

ብዙወርቅ አቃቂ ክር ፋብሪካ ቆማ ውላ ኮዬ ፈጬ ስትደርስ፣ እግሯ ከሷ ቀድሞ ይተኛል። እንዲያም ሆኖ እሁድ እሁድ ልጇን ሶሊያናን ከበሩ መቃን አስጠግታ በከሰል ትለካታለች። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ምልክቱ ግን ከዓምና ወዲህ ንቅንቅ ያለ አይመስልም። በዚያው ጊዜ ከፊት ለፊታቸው ስንት ፎቅ በቅሏል! የክፍሏ ልጆች «ቅመም» ይሏታል። እናቲቱን እንቅልፍ የነሳት ግን ስሙ አይደለም፤ ልጄ ውስጧ የተበላሸ ነገር ይኖር ይሆን የሚለው ነው።

ቃሊቲ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻት፤ ሐኪሙ ዶክተር ሉቃስ የደም ምርመራ አዘዘ። ደም ውስጥ «እደግ» የሚል መልእክተኛ እንዳለ፣ እሱን ተሸክሞ የሚያዞር ፕሮቲን ደግሞ እንዳለ፣ ተሸካሚው ሲያንስ መልእክተኛው አጥንት ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እንደሚባክን አስረዳት። ብዙወርቅ ወዲያው ገባት። የኮዬ ሰው አውቶብስ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስረጂ አያስፈልገውም።

በባዶ ሆድ ይዘዋት ይምጡ ሲሏት ደስ አላት። ወቅቱ ፍልሰታ ነው። ሶሊያና እንደ ሰፈሩ ልጆች ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አትቀምስም፤ ከዚያ ወዲያ የምትቆነጥራት ሽሮም ለድንቢጥ አትበቃም። ባዶ ሆድ ውድድር ቢኖረው ዋንጫው የኮዬ ነበር።

ውጤቱ ዝቅ ብሎ መጣ። ዶክተሩ ለዓመታት በየቀኑ ሊወጋ ስለሚችል መርፌ አነሳ። ብዙወርቅ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። ቀጥሎ ስለ ልጅቷ አመጋገብ ጠየቃት።

«የታዘዝነውን አድርገናል ዶክተር። ከነሐሴ መባቻ ጀምሮ ባዶ ሆዷን ናት።»

ዶክተር ሉቃስ መነጽሩን አወለቀ።

«ወይዘሮ ብዙወርቅ፣ ያልንዎት እኮ አንድ ሌሊት ነው። ሰውነት ሲራብ መልእክተኛውንም ተሸካሚውንም ይቀንሳል። በደንብ ትብላና እንደገና እንየው።»

ከመስቀል በኋላ ደሟ እንደገና ታየ፤ ደህና ሆነ። በራጅ ሲታይ አጥንቷ ከዕድሜዋ ወደኋላ ቀርቷል፤ እናቲቱም በልጅነቷ እንዲሁ ዘግይታ ነበር ያደገችው፤ ስለዚህ ልጅቷም ገና ታድጋለች ማለት ነው። እየመጣች ትለካ፣ ለጊዜው ግን መድኃኒቱ መጠበቅ ነው ተባለ።

ብዙወርቅ መደሰት ፈልጋ አቅም አጣች። ለመርፌው ዓመታት ያጠራቀመችው ጉልበት አሁን የሚውልበት አጣ። ደጅ ላይ ቀኑ ረቡዕም ዓርብም አለመሆኑን አጣርታ ለልጇ የተቀቀለ እንቁላል ገዛች።

«እማ፣ እስከመቼ ነው የምጠብቀው?» አለች ሶሊያና አፏን ሞልታ።

«ዝም ብለሽ ብዪ» አለቻት። የቃሊቲ ከባድ መኪኖች ጆሮዋ ሥር እያጓሩ፣ የክሊኒኩን ግንብ ተደግፋ ቆማ አንቀላፋች።