«ምንም ለውጥ የለም» የተጻፈበት ኬክ

እትዬ ኬክ ላይ ስትጽፍ ትንፋሿን ትይዛለች። እኔም አብሬያት እይዛለሁ፤ ስለዚህ ስሟ የረዘመ ሙሽራ ስትመጣ ሁለታችንም ለመታፈን ትንሽ ይቀረናል። እትዬ ከጓዳ ትጋግራለች፣ እኔ ታናሿ ከፊት እሸጣለሁ፣ ባሏ ሹፌሩ ለየደንበኛው ያደርሳል። መንገድ ላይ እንደሚቀምስም እናውቃለን።

አንድ ቀን የሙሽራይቱ ስም ቁልቁል ተንሸራተተ። እትዬ ድካም ነው ብላ አለፈችው። ቆይቶ ቀኝ እጇ ደነዘዘ። ሐኪሟ በሽታው መልቲፕል ስክለሮሲስ እንደሚባል ነገረቻት፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ ነርቮቹን ሽፋን ይልጣል፣ ሽፋናቸውን ያጡት ነርቮችም ቀስ በቀስ ይሞታሉ። እትዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «እጄስ?»

ጥናት ላይ ያለ መድኃኒት ነበር። ለሌላ በሽታ በብዛት የሚሰጥ የቆየ ኪኒን ነው፤ በትንሹ ሲወሰድ ግን የነርቭ ሕዋሳትን ከሞት ሊጠብቅ ይችላል ተብሎ ይታሰባል።

«የሞተውን አይመልስም፤ ምናልባት የቀረውን ያቆይልዎት ይሆናል» አለቻት ሐኪሟ። «ደግሞ ግማሹ ሰው የሚወስደው ባዶ ኪኒን ነው። የእርስዎ የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

«ባዶው ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«ዱቄት ይበሉት።»

«ዱቄትማ ቤቴ ሞልቷል» አለች እትዬ። ግን ለጥናቱ ፈረመች።

ድንዛዜው ቀለል ሲልላት ወደ ኬኳ ተመለሰች፤ እያንዳንዱን ፊደል ግን የመጨረሻዬ ይሆን ብላ እየፈራች ነበር የምትጽፈው። ከዓመት በኋላ አንጎሏን በኤምአርአይ ተነሣች። ውጤቱን ሊሰሙ ከሹፌሩ ጋር ሲሄዱ እኔ ሱቁን ይዤ ቀረሁ፤ ከጭንቀቴ የተነሣ ለአንዱ ደንበኛ ባዶ ካርቶን አሽጌ ሰጠሁት።

ሲመለሱ ቀድሞ የገባው ሹፌሩ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። «ምንም ለውጥ የለም አሉ» ብሎ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። እትዬ ከኋላው ገባች፤ ሳቋ አላባራ ብሏታል።

«ይሄ ሰውዬ መንገዱን ሙሉ ሲያለቅስ መጣ፤ ብነግረው ብነግረው አልሰማ አለኝ። ለውጥ የለም ማለት አልባሰም ማለት ነው እኮ። አዲስ ጠባሳ የለም፣ እጄም እንደነበረ ነው።»

«በኪኒኑ ነው?» አልኳት።

«ሐኪሟም አታውቅም። በዱቄቱም ቢሆን ተመስገን ነው።»

እጇን ታጠበችና የክሬም መጭመቂያዋን አንሥታ፣ መስታወቱ ውስጥ ከነበሩት ኬኮች አንዱ ላይ «ምንም ለውጥ የለም» ብላ ጻፈች። ደስታው ይሁን ድንጋጤው፣ ትንፋሼን መያዝ እንኳ ረሳሁ።

ወዲያው አንዲት ሴትዮ ገቡ፤ ጽሑፉን ሲያነቡ ተንከተከቱ። «ይሄን ስጡኝ። ዛሬ የባለቤቴ ልደት ነው፤ ስመክረው ስንት ዘመኔ።»

«እሱ እኮ የኛ ነው» አለ ሹፌሩ፣ ከረሜላ እንደቀሙት ልጅ።

«ላንተም እጽፍልሃለሁ» አለችው እትዬ። ጻፈችም። ካርቶኑን እስካጥፍ ሁለቱን ኬኮች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። መስመሩ አልወረደም፣ የፊደሎቹ እግር አልተንቀጠቀጠም።

«የኔ የቱ ነበር?» አሉ ሴትዮዋ።

አየሁ፣ ደግሜ አየሁ፣ መለየት አቃተኝ። ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የመጣብኝ።