አምስተኛው ስም

አባቴ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «እኛ የመንዝ ሰዎች ነን» ማለት ይወዳል። ሰበታ ተወልዶ፣ ሰበታ የቀለም ሱቅ ከፍቶ፣ መንዝን አንድም ቀን በዓይኑ ሳያይ። እኔም እንደሱው እል ነበር። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ አንዲት የተፍኪ ኦሮሞ ልጅ ላግባ ሲለን ከኛ ጋር ትዛመዳለች ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። አራት ዓመት አብረው ቆይተዋል፤ ወንድሜ ከልቡ ሲስቅ የማየው ከሷ ጋር ሲሆን ብቻ ነው።

ሽማግሌ ከመላካችን በፊት ግን የልጅቷ አያት ትውልድ ይቆጠር አሉ። እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ ሰው አይጋባም፤ በነሱም በኛም ወጉ ይኸው ነው። መዝገብ ቤት ስለምሠራ መቼም እንዲህ ያለው ሥራ የሚጣለው እኔ ላይ ነው። አባቴን ሳስቆጥረው ከወንድሜ ጀምሮ አምስተኛው ላይ ቆመ። አምስተኛው የኦሮሞ ስም ነው። ከመንዝ የመጣው እሱ ነው፣ እዚህ ሲሰፍር ስሙን ቀይሮ ነው አለኝ። አመንኩት።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ተፍኪ ወረድኩ። ሽማግሌው አያቷ ግቢያቸው ውስጥ ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠዋል። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና መቁጠር ጀመርኩ። አምስተኛው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ። እስቲ ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። የገዛ አያታቸው ስም ነበር።

ነገሩን ረጋ ብለው፣ መሀል መሀል ኦሮምኛ እየቀላቀሉ አጫወቱኝ። ከመንዝ የተነሳ አንድ መንገደኛ ትንሽ ልጁን ይዞ እዚህ ሲደርስ ታሞ ሞተ። አያታቸው ልጁን በጉዲፈቻ ወሰዱት፤ በስማቸው አስጠሩት፣ ከወለዷቸው እኩል መሬት አካፈሉት። ያ ልጅ የኔ ቅድመ አያት ነው። የወላጅ አባቱን ስም የሚያውቅ ሰው የለም። አይ ጉድ! አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የተኩራራው ስሙን እንኳን በማያውቀው ሰው ኖሯል።

እኔ ግን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ታዲያ በደም አንገናኝም ማለት ነው አልኳቸው። ሽማግሌው አባትሽ ይምጣ አሉ።

እሁድ አባቴ፣ ወንድሜና እኔ ሦስታችንም ሄድን። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ሽማግሌው ነገር አላበዙም።

«አያቴ ልጄ ነው ብሎ ነው የወሰደው። በኛ ዘንድ የጉዲፈቻ ልጅ ልጅ ነው፤ እህቱን አያገባም። አንተ ግን ያ ልጅ ባዕድ ነበር ካልክ፣ ልጅቷን ውሰድ። አልከለክልህም።»

አባቴ ማለት የነበረበት ያቺኑ ሁልጊዜ የሚላትን፣ «እኛ የመንዝ ሰዎች ነን» የምትለውን ነበር። ወንድሜ ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

«ባዕድስ አልልም» አለ አባቴ። «በናንተ ስም ኖሮ በናንተ ስም ነው የተቀበረው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን አባቴን ጠላሁት። ከዚያ ወዲህ መንዝ የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

በዓመቱ ልጅቷ የሰንዳፋ ሰው አገባች። ዘመድ ነንና ተጠራን፤ እንዳትቀሩ ብለው ሁለት ጊዜ ሰው ላኩብን። ወንድሜ ይቀራል ብዬ ነበር። ሱፉን ለብሶ ቀድሞኝ ወጣ።

ሙሽራው ሲመጣ የሙሽሪት ወንድሞች በሩን ዘግተው አናስገባም ይላሉ፤ ጨዋታ ነው። ሽማግሌው ወንድሜን በእጃቸው ጠርተው ከወንድሞቿ መሀል አቆሙት። ሲገፋፉ፣ ሲሳሳቁ ቆዩና ሌሎቹ ለቀቁ። ወንድሜ አልለቀቀም። ሙሽራው ፈገግ ብሎ ጠበቀ፣ ዘፈኑም ቀዘቀዘ፣ እሱ ግን መዝጊያውን እንደያዘ ነው። በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው ትከሻውን ያዙት።

«ይበቃል ልጄ፤ እህትህን ልቀቃት» አሉት።

ወንድሜ እጁን ከመዝጊያው ላይ አነሳ።