በእሾህ አጥር ውስጥ ሩጫ

ዛሬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ሱቅ በር ላይ ተቀምጣ የሚያያት ሁሉ እትዬ ወርቅውሃን ረጋ ያለች ሴት ናት ይላል። ምን ያውቃል! እኔ ስትሮጥ አይቻታለሁ፤ እንዲያውም ነጠላዋ ላይ ተንጠልጥዬ አብሬያት ሮጫለሁ።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከአርማጭሆ ወደ ሱዳን የወረድነው በሌሊት እየተጓዝን ነበር። እንዳንጠፋፋ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ሰው ልብስ ይይዛል። እትዬ ወርቅውሃም ልጇን ቱርካን የነጠላዋን ጫፍ አስይዛ ስትሄድ፣ አንድ ቦታ ላይ ነጠላው ቀለላት። ዞር ብትል ልጅቷ የለችም። ፈልጋ ስታጣ አብሮን የሚጓዘው ሰው እሷን እየጎተተ ወሰዳት። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም ግን አያነሳባትም።

እኔ ደግሞ መያዙን መተው አቃተኝ። ወድ ኤል ሒለው አጠገብ ካለው መጠለያ ከገባን በኋላም የእናቴን ቀሚስ ሳልይዝ አንድ እርምጃ አልሄድም። ሌሎቹ ሴቶች ልጆችም ቢሆኑ ስማቸውን ሲጠየቁ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። በሣር ዳሱ ውስጥ ፊደል የምታስቆጥረን እትዬ ወርቅውሃ፣ ፊደሉስ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ቀና በሉ አለችና ከትምህርት በኋላ ታስሮጠን ጀመር። እኔን የነጠላዋን ጫፍ አስያዘችኝ፤ አንድ ቀን በራሴ እጅ እንድለቀው ነበር ሐሳቧ። እናቴ ሩጫ ያስርባል ብላ አጉረመረመች። እውነቷን ነው፣ ያስርባል።

ችግሩ ሌላ ነው። በመጠለያው ሰው የሚሮጠው ዱራ የሚሉትን የእርዳታ ማሽላ የጫነው መኪና ሲመጣ ብቻ ነበር። በድንኳኖቹ መካከል ስንሮጥ ያየን ሁሉ ጆንያውን አንጠልጥሎ ተከተለን። እኛም ሲከተሉን ፈርተን ይበልጥ ሮጥን። መጨረሻው ላይ ስንደርስ መኪና የለም፤ አቧራና የሚራገም ሕዝብ ብቻ። ጎረቤታችን አያ ጋረደው ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን በሐፍረት ልሞት ነበር።

የመጠለያው ሽማግሌ አቶ እንግዳው ሩጫው ይቅር አሉ። እትዬ ወርቅውሃ እየዘፈንን ብንሮጥስ፣ ዘፈን የሰማ መኪና መጣ አይልም ብላ ተከራከረች። በየድንኳኑ ሐዘንተኛ ተቀምጦ ማን ይዘፍናል?

"ዝም ብላችሁ ብትሮጡ ሰው ይሰበራል፤ ብትዘፍኑ ሙታን ይታዘቡናል" አሏት አቶ እንግዳው።

ከመጠለያው ውጪ ወዳለው ሜዳ እንዳንወጣ ደግሞ በሩን የሚጠብቀው ወታደር ተስሪህ ይላል። የመውጫ ፈቃድ ማለቱ ነው፤ ለሩጫ ብሎ የሚሰጥ የለም።

የቀረልን ዘሪባው ብቻ ሆነ፤ መጠለያው ሳይቆም በፊት የነበረ፣ በእሾህ የታጠረ ባዶ የከብት በረት። እዚያ ውስጥ እንደ ውቂያ በሬ እንዞር ጀመር። እትዬ ወርቅውሃ አምርራ ጠላችው። ከድጡ ወደ ማጡ፣ ከአገር ወጥተን በረት ገባን ትል ነበር። እኔን ግን በረቱ ተስማማኝ። በረት ውስጥ ማን ይጠፋል?

አንድ ቀን አቧራው መሃል ነጠላውን ለቀቅኩና በጎን አልፌያት ሮጥኩ። እግሬ የራሴ ሆነ። ዞሬ ስመጣ ሁሉም ቆሟል። እትዬ ወርቅውሃ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ ባዶውን ጫፍ ጨብጣ፣ "ቱርካ፣ ቱርካ" እያለች ትጣራለች። ያንን ስም ስትጠራ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሰምተናት አናውቅም። እኔም ሌላ መንገድ ስለሌለ በምታይበት በኩል መጣሁ።

ትከሻዬን እስኪያመኝ ያዘችኝ።

"ለቀቅሽኝ" አለች።

"ዞሬ መጣሁ እኮ፣ እትዬ።"

አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አየችው። "አዎ፣ እዚህስ ሰው ዞሮ ይመጣል" አለች።

በማግሥቱ ነጠላዋን እሾሁ ላይ ሰቅላ፣ ማንንም ሳታስይዝ ከእኛ ጋር ሮጠች። ዘሪባውን ከዚያ ወዲያ አልሰደበችውም። በየዙሩ ግን ወደ ኋላዋ ታይ ነበር፤ እኛም እንዳላየን ሆነን እንዞራለን።