እትዬ ስንትነው በምክር ቤቱ ፊት

ሾፌሩ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይገጭ መሪውን አስረክቦ ቤቱ ገባ። የቤቱ አስቤዛ ድሮም ዘንድሮም የሱ ሥራ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ ዘይቱንም፣ ስኳሩንም፣ ሽንኩርቱንም የሚገዛው እሱ ነበር። ሚስቱ ቀኑን ሙሉ ገበያ ለገበያ ስትዞር ስለምትውል፣ ገበያ የሚባል ነገር ቢሰለቻት አይፈረድባትም ብሎ ነገሩን ትቶት ኖሯል።

የሚስቱ ሥራ ዋጋ መጠየቅ ነው። በከተማው የስታቲስቲክስ ቢሮ ዋጋ ሰብሳቢ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እነዚያኑ ሱቆች፣ እነዚያኑ መደቦች እየዞረች፣ ስለዚያው ዕቃ "ስንት ነው?" ትላለች፤ ትጽፋለች፤ ትሄዳለች። አትገዛም። ገበያተኛው መጀመሪያ ላይ "ሴትዮዋ ደህና ናት?" እያለ ይጠቋቆም ነበር። ሲለምዳት ጊዜ ግን ስም አወጣላት፤ እትዬ ስንትነው። ስሙም ጸድቆ ቀረ።

ሾፌሩም አልማራትም። "የሰው ሚስት ቅርጫት ሞልታ ትመጣለች፤ የኔዋ ጥያቄ ሞልታ ትመጣለች" ይላታል። ትስቃለች እንጂ አትመልስለትም። ነገረኛ ሴት አይደለችም። በሠርግ ቤት ጥግ ይዛ የምትቀመጥ፣ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ የማታውቅ፣ ፎቶ ሲነሱ ከኋላ የምትቆም ሰው ናት። ሾፌሩ ይወዳታል፤ ያውቃታልም። ያውቃታል ብሎ ነበር እንበል።

ታዲያ አንድ ዓመት ኑሮ ጣራ ነካ። ዘይት ወጣ፤ ስኳር ተከተለው፤ እንቁላል ደግሞ ከሁለቱ ልብለጥ ብሎ ሽቅብ ጋለበ። የከተማው ምርጫ አምስት ወር ቀርቶት ነበርና ለነገሩ ወዲያው አባት ተፈለገለት። ወንበር ላይ ያሉት "ስግብግብ ነጋዴ ነው" አሉ። ወንበሩን የሚፈልጉት "አስተዳደሩ ነው" አሉ። ሬዲዮው ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን ሲያወርድ ይውላል። ሕዝቡም አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ እጁ የሚደርስበትን መፈለግ ያዘ።

እጁ የደረሰበት የሰፈሩ የጥጉ ሱቅ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የዋጋ ቁጥጥር ግብረ ኃይል የተባለ ቡድን ካሜራ አስከትሎ መጣ። ከሱቁ ጓዳ አሥራ አራት ካርቶን ዘይት አወጣ፤ በሩን ዘጋ፤ ወረቀት ለጥፎ ማኅተም መታበት። ባለሱቁ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ቀጭን ሰው፣ ሽርጡን እንደታጠቀ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ሰው ተሰበሰበ። "ሌባ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሌላ። ሾፌሩም እዚያው ነበር። ከባለሱቁ ጋር ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሁለቱም ምክንያቱን በረሱት ነገር ተኳርፈው፣ ከዚያ ወዲህ አስቤዛውን ከአደባባዩ ማዶ ካለው ትልቅ መደብር ነበር የሚገዛው። ቢሆንም አፉ አላረፈም፤ "እኛንም ሲግጠን ኖሯል!" ብሎ ጮኸ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሚስቱ ስትገባ ወሬውን በር ላይ ተቀበላት። "ተያዘልሽ!"

"ማን?"

"የጥጉ ባለሱቅ ነዋ! አሥራ አራት ካርቶን ደብቆ። እኔም አልተውኩትም፣ ነገርኩት፤ ሲግጠን ኖሯል አልኩት።"

ጫማዋን እያወለቀች ነበር። አንዱን እንዳወለቀች ቆም አለች። "ከማን ጋር አወዳድረህ?"

ሾፌሩ ጥያቄውን ወደሷ መለሰ። "እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ንገሪኛ! ውድ ነው አይደለም?"

"አልነግርህም።"

"ባልሽ እኮ ነኝ!"

"ባሌ ነህ። ፊርማዬ ደግሞ ፊርማዬ ነው። የያንዳንዱን ሱቅ ዋጋ ለማንም አልናገርም ብዬ ነው ሥራ የገባሁት።" ሁለተኛውን ጫማ አወለቀች። ምሳውን ግን አልበላችም።

በሳምንቱ የከተማው ምክር ቤት ስለ ኑሮ ውድነት ሊሰማ ቢሮውን ጠራ። የቢሮው ኃላፊ ጥሪው በደረሰው ዕለት ደም ግፊቱ ተነሣበት። ምክትሉም እናቱ ታመመችበት። ጥሪው ከፎቅ ወደ ምድር ቤት እየወረደ፣ እየወረደ፣ መጨረሻ ላይ የእትዬ ስንትነው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። "ቁጥሩን የሰበሰበችው ታስረዳ" ተባለ።

እሷም አንድ ወረቀት ጻፈችና ባሏን "ና፣ አብረን እንሂድ" ብላ ወደ ባለሱቁ ቤት ይዛው ሄደች። ሾፌሩ እግሩ እየተጎተተ ነበር የሄደው።

ባለሱቁ መጋረጃውን ዘግቶ ተቀምጧል። የባለሱቁ ሚስት በር ከፈተች፤ ዓይኗ አብጧል። "ልጆቹን ትምህርት ቤት የሌባ ልጆች አሏቸው" አለች ገና ሳይቀመጡ።

እትዬ ስንትነው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። "ስማኝ ወንድሜ። አሥራ አንድ ዓመት የጻፍኩት ያንተ ዋጋ ቢሮ ውስጥ አለ። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ብሆንም ያንተ ነው፤ ካልፈቀድክልኝ አልናገረውም። ግን እወቅ፤ ከተናገርኩ ግማሹን ውጬ ግማሹን አልናገርም። የጨውንም እናገራለሁ።"

ባለሱቁ ቀና ብሎ አያት። "የጨውንም፣ እትዬ?"

"የጨውንም።"

ሾፌሩ ስለ ምን ጨው እንደሚያወሩ አልገባውም። ባለሱቁ ግን ገብቶታል፤ ፊቱ ቀላ። የባለሱቁ ሚስት እስክሪብቶ አመጣችና እጁ ውስጥ አስገባች። "ፈርም" አለችው። ፈረመ።

የምክር ቤቱ አዳራሽ በቀጠሮው ቀን ጢም ብሎ ሞላ። ሾፌሩ ከባለሱቁ ሁለት ወንበር ርቆ ከላይ ከታዳሚዎች ጋር ተቀመጠ። ሚስቱ ታች፣ ማይክሮፎኑ ፊት፣ ግራጫ ሹራቧን ለብሳ ተቀምጣለች። ትንሽ ሆና ታየችው። "ይበሏታል" አለ በልቡ።

ሰብሳቢው ከወንበረኞቹ ወገን ነበር። "እመቤት፣ ጊዜ የለንም፤ በአጭሩ ይንገሩን። ዋጋውን ያናረው ነጋዴው ነው፤ አይደለም እንዴ?"

"የየትኛውን ዕቃ፣ ክቡር ሰብሳቢ?"

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ጥያቄዋ ጥያቄ ነበር።

"እሺ፣ የዘይቱን ይበሉን።"

ያን ጊዜ እትዬ ስንትነው ጀመረች። ወረቀት አልያዘችም። የአንድ ጠርሙስ ዘይትን መንገድ ከመርከብ ማራገፊያው ተነሥታ ተናገረች፤ የት እንደሚጫን፣ የጭነት መኪናው በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ጎማ ስንት እንደገባ፣ ነዳጅ በየትኛው ወር እንደጨመረ፣ ጅምላ ሻጩ ስንት እንደሚያተርፍ፣ ከመደርደሪያ ላይ በስንት ቀን እንደሚነሣ። "በዓመቱ ዘይት ላይ የተጨመረው መቶ ሳንቲም ቢሆን" አለች፣ "አርባ ስድስቱ ከውጭ ሲገዛ የጨመረው ነው። ሃያ አንዱ የመኪናው ነው። አሥራ ሁለቱን ጅምላ ሻጩ ወሰደ፤ ሰባቱን ባለሱቁ። አሥራ አራቱ የኬላ ቀረጥ ነው፤ ባለፈው ዓመት በዚህ አዳራሽ እጥፍ የሆነው።"

ሰብሳቢው ውኃ ጠጣ። ከተቃዋሚዎቹ ወገን መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ አንድ ወፍራም ሰው ጠረጴዛውን ደበደበ። "ይኸው! ይኸው! ሕዝብ ይስማ!"

እሷ ወደሱ ዞረች። "ጌታዬ፣ ቃለ ጉባኤውን አንብቤዋለሁ። ቀረጡ የጸደቀው በሙሉ ድምፅ ነው።"

መነጽሩ ከግንባሩ ወርዶ አፍንጫው ላይ አረፈ። ከላይ የተቀመጠው ሕዝብ ሆ አለ። ሾፌሩ ሆ አላለም። እጁን አፉ ላይ ጭኖ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ከተማ ከዳር ዳር አመላልሶታል፤ ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጣ ሹራብ የምትሠራው ሴት ግን ከተማውን ከነሆድ ዕቃው ይዛው ኖራለች። ስለ ዱቄት ሲጠይቋት ስለ ዱቄት፣ ስለ ሳሙና ሲጠይቋት ስለ ሳሙና፣ ዓመቱን ከነወሩ። አንድም ቦታ ላይ "ይመስለኛል" አላለችም። የማታውቀው ሲመጣ "ይህን አላውቅም" አለች፤ እሱንም ልክ እንደምታውቀው ነገር ቀጥ ብላ ነበር የተናገረችው።

ከዚያ የባለሱቁን የፈቃድ ወረቀት አወጣች። "በዚህ ሰው ፈቃድ የምናገረው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዘይት ዋጋው ከከተማው አማካይ በላይ ሆኖ አያውቅም። በሳምንት አምስት ካርቶን ይሸጣል፤ አሥራ አራት ካርቶን ሦስት ሳምንት አያደርሰውም።" ትንፋሽ ወሰደች። "ጨው ግን አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ጨው ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ሲነዛ፣ ዘጠኝ ቀን ጨው በሦስት እጥፍ ሸጧል። ያንን ጥፋት አጥፍቷል።"

ማንም ሳይጠይቀው ባለሱቁ ብድግ አለ። "እውነት ነው" አለ። "ፈርቼም ስስቼም ነው። ዘይቱን ግን አልደበቅኩም።" አለና ተቀመጠ።

ሰብሳቢው ድምፁን ለሰለስ አደረገ። "እሺ እመቤት፣ ታዲያ ጥፋተኛው ማነው እንበል?"

"ክቡር ሰብሳቢ፣ በእኔ ቅጽ ላይ ለጥፋተኛ የተተወ ቦታ የለም። የግድ ካስፈለገ ግን በየድርሻችሁ ተካፈሉት፤ ክፍፍሉን ነግሬያችኋለሁ።"

በማግስቱ አንዱ ጋዜጣ "ባለሙያዋ ነጋዴውን አጋለጡ" ብሎ ወጣ። ሌላው "ባለሙያዋ አስተዳደሩን አጋለጡ" አለ። ፎቶው ግን አንድ ነበር፤ ግራጫ ሹራብ የለበሰች ሴት። የጥጉ ሱቅ በአሥራ አንደኛው ቀን ተከፈተ፤ ይቅርታ ያለ የለም፤ ማኅተሙን አንድ ዘበኛ በቢላ ፍቆ ሄደ። ቀረጡ "ለጥናት" ተመራ። የቢሮው ኃላፊ ደም ግፊቱ ወረደለትና "ከተፈቀደልዎ በላይ ተናግረዋል" የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላት። ደብዳቤውን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ አኖረችው። በዚያ ወር የዘይት ዋጋ አልወረደም።

ሾፌሩ ሱቁ በተከፈተ ጠዋት ሄዶ ከባለሱቁ ፊት ቆመ። "ያን ቀን ከጮኹት አንዱ እኔ ነኝ" አለ።

"ሰምቼዎታለሁ ጋሼ" አለ ባለሱቁ። "የአውቶቡስ ድምፅ የት ይጠፋል?" ከዚያ ባለሱቁ እጁን ዘረጋለት።

ወደ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር በአእምሮው ብልጭ አለ። ሚስቱን ኩሽና ውስጥ አገኛት። "አንቺ! እኔ ሦስት ዓመት ከትልቁ መደብር ስገዛ… እዚያ ውድ መሆኑን ታውቂ ነበር?"

ሳህኑን በፎጣ ማድረቋን ቀጠለች።

"ታውቂ ነበር!"

"እግርህ ይፍታታል ብዬ ነው" አለች፤ ፈገግታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

"ከተጋባን ጀምሮ አስቤዛ የምትልኪኝም ለዚሁ ነው?"

ፎጣውን ሰቀለች። "እኔ ብገዛ የምገዛው ከማውቀው ቦታ ነው። የማውቀው ደግሞ ሰዎቹ አምነው የነገሩኝን ነው። ለኔ ማሰሮ ብለው አይደለም የነገሩኝ።"

ሾፌሩ ሊስቅ ብሎ አልሆነለትም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሃያ ስድስት ዓመት! ደሞዝ ሳይበቃቸው በወር መጨረሻ ሲጨናነቁ እንኳ፣ የትኛው ሱቅ እንደሚሻል እያወቀች፣ አንድ ቃል ሳይወጣት እሱ ያመጣላትን ውድ ሽንኩርት ስትከትፍ ኖራለች። እንዲህ ያለ ነገር ስለ ቅዱሳን ሲወራ ሰምቷል እንጂ፣ እሱ ቤት ውስጥ፣ ሽርጥ ለብሶ ይኖራል ብሎ አልጠረጠረም።

"ሐሙስ ዕለት ገበያ ስትወጪ አብሬሽ ልምጣ?" አላት።

"አትናገርም?"

"ትንፍሽ አልልም።"

ሐሙስ ወጡ። ያልጠበቀውን አየ። እሷ ስትደርስ ሻጮቹ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። ለገዢ የሚምሉ፣ የሚገዘቱ፣ ሰማይና ምድር የሚያገናኙ ሰዎች ለሷ ዋጋውን ቁልጭ አድርገው ይናገራሉ። አንዲት ሽማግሌ ጎመን ሻጭ ሳትጠየቅ አንድ እስር አንሥታ ሰጠቻት። እትዬ ስንትነው ከቦርሳዋ የእጅ ሚዛን አውጥታ እስሩን ሰቀለችው።

"ዋጋው ያው ነው፣ እትዬ" አለች ሻጯ።

"ያው ነው" አለች እሷም ሚዛኑን እያየች። "አርባ ግራም ግን ቀንሷል።"

ሽማግሌዋ ወደ ጎን ዞር አለች። "እኔ አልቀነስኩም፤ ሲመጣልኝም እንዲሁ ነው።"

"አውቃለሁ እማማ። ማን ቀነሰ አላልኩም።" ጻፈች።

ሾፌሩ ጎመኗን አየ። እሱ እንደዚህ ያለ እስር በመቶ የሚቆጠር ገዝቷል፤ እሱም፣ ጎረቤቱም፣ ሬዲዮ ላይ የሚጮኸውም ሰው አርባ ግራሟን አላዩዋትም። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሐል ከየሰው ድስት የጎደለችውን አንዲት ሴት ብቻ ልብ ብላታለች፤ ቀኑን ጽፋ፣ ሰዓቱን ጽፋ። ቃል ስለገባ ግን ትንፍሽ አላለም።

በዝርዝሩ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ዕቃ አለ። ሾፌሩ ሰባ አራተኛው ላይ ደከመውና አንድ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እሷ "እዚሁ ጠብቀኝ" ብላው መንገዱን ተሻገረች፤ ግራና ቀኝ አይታ፣ ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ፣ ሳሙና ሻጩ ጋ ስትደርስ አጎንብሳ ስትጠይቅ ከሩቅ አያት።